ድፍኑ ቮልስ ይሻላል ወይስ ሸራው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አሮጌ ቮልስ ገዝቼ በትርፍ ጊዜዬ ማደስ እፈልጋለሁ፤ ሁለት ተገኝተውልኛል። አንዱ ድፍን ጣሪያ ነው። ወለሉ በስቷል፣ ሞተሩ ግን ይነሳል። ሌላው ባለ ሸራ ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ ዋጋው የድፍኑን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሻጩ «ከፋብሪካው ክፍት ሆኖ የመጣ ነው» ይላል። የትኛውን ልግዛ? ድፍኑን ገዝቼ ጣሪያውን ባስቆርጠውስ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ጣሪያውን አያስቆርጡት። የቮልስ ሻንሲ መሀል ለመሀል የሚሄድ አንድ አከርካሪ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የተበየዱት የወለል ላሜራዎች ስስ ናቸው። መኪናው የሚጠነክረው ቦዲው ዙሪያውን በብሎን ሲታሰርበት ነው። ቦዲውን ደግሞ ሁለት ነገር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፦ ከላይ ጣሪያው፣ ከታች በበሮቹ ስር የሚያልፈውና ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚወስደው ባዶ ሳጥን። ጣሪያው ሲነሳ ሸክሙ በሙሉ እዚህ ሳጥን ላይ ይወድቃል። ኮረኮንች ላይ ጥቂት ከተነዳ በኋላ መሀሉ ይሰምጣል፣ በሮቹም አልገጥም ይላሉ።

ጀርመን ኦስናብሩክ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ330 ሺህ በላይ ክፍት ቮልሶች ሠርቷል፤ ያደረገው ግን ጣሪያ ቆርጦ ሸራ ማልበስ አይደለም። ከበር ስር ሳጥኑ ግርጌ ርዝመቱን ሙሉ የሚሄድ ወፍራም ማጠናከሪያ ጨምሮ፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ምሰሶ አደንድኖ፣ የፊት መስታወቱን ፍሬም ሌላ አድርጎ ነው። ሰፈር ውስጥ በመጋዝ የተቆረጠ ቮልስ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ስለዚህ ባለ ሸራውን ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ከፈተው የሚለው ነው። የኋላውን መቀመጫ ያንሱና አከርካሪው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ያንብቡ። ከ1965 ሞዴል ወዲህ በ15 የሚጀምር ክፍት፣ በ11 የሚጀምር ድፍን ነው (1303 የሚባለው የኋለኛው ሞዴል ድፍኑ በ13 ይጀምራል)። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት መጨረሻ ስለሆነ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ወይም የ1978 ድፍን ነው። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ዋጋ መከራከሩን ትተው ይሂዱ። ቢገጥምም በዚያ ብቻ አይርኩ፤ ቁጥሩ የሻንሲው ነው፣ ቦዲው ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቦዲው ራሱ ይናገራል። በድፍኑ ላይ ሞተሩ አየር የሚስበው ከኋላ መስታወቱ ስር ካሉት ስንጥቆች ነው። ክፍቱ ላይ ያ ቦታ የታጠፈው ሸራ የሚያርፍበት ስለሆነ ካርማን ስንጥቆቹን ወደ ሞተሩ ክዳን አወረዳቸው። ከመስታወቱ ስር በስቱኮ የተደፈነ የስንጥቅ ምልክት ካገኙ መኪናው የተወለደው ድፍን ሆኖ ነው። የካርማኑ የኋላ የጎን መስታወትም ወደ ታች ይወርዳል፤ የድፍኑ አይወርድም። በመጨረሻ ተንበርክከው በበሩ ስር እጅዎን ይስደዱ፤ ማጠናከሪያው በጣት የሚዳሰስ ነው።

የካርማን መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ አንድ ፈተና ይቀራል። በሩን ዘግተው በበሩና በኋላው ምሰሶ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ይለኩ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መሀሉ ሰምጧል። ከዚያ ጎኑን በክሪክ ከፍ አድርገው እንደገና ይለኩ፤ ክፍተቱ በግልጽ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈት ካለ የበር ስር ሳጥኑ ውስጡ ተበልቷል። አዲሱ ቀለም ይህን አይደብቅም። ቀለሙ የሚደብቀውን ለማግኘት በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ከፓራፋንጎው ጀምሮ እስከ በሩ ግርጌ ያስኪዱ፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

እንግዲህ የበሳው ወለል። ሰው የሚፈራው እሱን ነው፣ እኛ ግን ከሁሉ ቀላሉ ነው እንላለን። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ የሚፈሰው አሲድ ላሜራውን ይበላዋል፤ እዚያ ቀዳዳ የሌለው አሮጌ ቮልስ ማግኘት ያስቸግራል። የወለሉ ግማሽ ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ይበየዳል፣ የአንድ ጥሩ ባትላሜራ ሥራ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት የበር ስር ሳጥኖቹና የሻንሲው የፊት ራስ ናቸው። ሁለቱንም በካቻቢቴ ወጋ ወጋ ያድርጓቸው። ድንግ ካለ ይግዙት፤ ካቻቢቴው ከገባ የወለሉ ቀዳዳ ትንሹ ችግርዎ ነው።

ሳጥኑ መለወጥ ካለበት ቅደም ተከተሉን ለባትላሜራው አይተዉለት። ምንም ሳይቆረጥ 25 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቧንቧ ከፊተኛው የበር ምሰሶ ወደ ኋለኛው፣ ሌላ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይበየድ። ቦዲው ከሻንሲው ጋር እንደታሰረ አንዱ ጎን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተሰቅሎ መግጠሙ ከታየ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፋል። ሁለቱን ጎን ባንዴ መቁረጥ ለሥራው ይፈጥናል፤ ውጤቱ የተጣመመ መኪና ነው። ከመበየዱ በፊት የሚደራረቡት ጠርዞች ዚንክ ያለው ፀረ ዝገት ይቀቡ፣ ብየዳው ካለቀ በኋላ የሳጥኑ ውስጥ ሰም ይረጭበት።

ሞተሩ መነሳቱ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ አይክፈሉበት። አጥፍተውት ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡት፣ መልሰው ይግፉት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላወሰው ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ቀጭ ሲል በእጅዎ ከተሰማዎት ብዙውን ጊዜ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም።

ለመጀመሪያ ሥራ ምርጫችን ድፍኑ ነው፣ ሳጥኖቹ ጤነኛ ከሆኑ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። የ1976 ክፍት 1303 እና የ1974 ድፍን 1303 ቀርበውልኛል። ሁለቱም ሥራ ይፈልጋሉ። የክፍቱ ሸራ ተቀዷል፤ ሸራውን ብቻ ባስቀይር ይበቃል?

መልስ፦ ሸራ የሚባለው አንድ ጨርቅ አይደለም። ከላይ የውጭ ልብሱ፣ መሀል ወፍራም ሙሌት፣ ከውስጥ ገበር አለው፤ ሁሉም የሚመቱት ከፊት መስታወቱ በላይና ከኋላ ባሉት እንጨቶች ላይ ነው። ውኃ ለዓመታት ከገባ እንጨቱ ስለሚበሰብስ ሚስማር አይይዝም። የውጭ ልብስ ከማዘዝዎ በፊት እንጨቱን በጥፍርዎ ይጫኑት። ሥራው የሚሄደው ከታች ወደ ላይ ነው፦ ቦዲው፣ በሮቹ፣ የበር መስታወቶቹ፣ የሸራው ብረት፣ መጨረሻ ላይ ልብሱ። በሰመጠ ቦዲ ላይ ውድ ልብስ ያስገጠመ ሰው በመጀመሪያው ዝናብ ጭኑ ይረጥባል።

በ1303 ላይ የፊት ኮፈኑን ከፍተው የሾክ አብዞርበሮቹ ጫፍ የታሰረባቸውን ሁለት ቦታዎችም ይዩ። የክረምት መንገድ ጨው የሚያጠቃው እነሱን ነው፣ የፊት ጎማዎቹም የሚደገፉት በእነሱ ነው። 30 ዓመት ላለፈው መኪና የሚሰጠውን የኤች ታርጋ ከፈለጉ መኪናው እንደ ጥንቱ መሆን አለበት፤ በአማተር እጅ የተከፈተ ድፍን ለዚህ ታርጋ ያስቸግራል፣ የካርማኑ ግን ችግር የለበትም። ብየዳውን በባለሙያ የሚያሠሩበት ገንዘብ ካለ ክፍቱ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ከሌለ ድፍኑ።

ጥያቄ፦ የ1967 ሻንሲ አለኝ፣ ቦዲው አልቋል። ጓደኛዬ የ1303 ቦዲ ሊሰጠኝ ነው። ይገጥማል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እንዳለ አይገጥምም። የ1967ቱ ፊት ሁለት ቱቦ ውስጥ በተደረደሩ፣ እየተጠመዘዙ እንደ ስፕሪንግ በሚሠሩ ብረቶች ይሠራል፤ 1302 እና 1303 የተለየ ፊት ስላላቸው የሻንሲያቸው ራስም ይለያል። ሳይለኩ ለማወቅ ኮፈኑን ይክፈቱ፦ ስኮርታ ጎማው ቆሞ ከሆነ የቀድሞው ዓይነት፣ ተኝቶ ከሆነ የኋለኛው ነው። የቆመበትን ቦዲ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ድፍን ቮልሴ በእጅ እየተዘወረ የሚከፈት የብረት ጣሪያ አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር እግሬ ስር ውኃ ይቋጥራል። በይጄ ልድፈነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበይዱት። ይህ ጣሪያ ከ1964 ሞዴል ጀምሮ የጨርቁን የተካው ነው፤ ሲሠራም ውኃ ጭራሽ እንዳይገባው ታስቦ አይደለም። የሚገባው ውኃ በዙሪያው ባለው ቦይ ተሰብስቦ በፊት ምሰሶዎቹ ውስጥ ባሉ ቱቦዎች እንዲወርድ ነው። ጣሪያውን ከፍተው በፊተኛው ጥግ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀስ ብለው ያፍሱ። ከበሩ ማጠፊያ አካባቢ ወደ ውጭ ካልወጣ ቱቦው ተደፍኗል። ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚጠቀሙበትን ዓይነት የናይለን ክር ከላይ እያሽከረከሩ ያስገቡ። በኮምፕረሰር አየር አይንፉት፤ ቱቦው ምሰሶው ውስጥ ከመጋጠሚያው ይወልቅና ከዚያ በኋላ ውኃው የሚወርደው በቀጥታ በበር ስር ሳጥኑ ውስጥ ይሆናል። ጣሪያው ሲዘወር በአንድ ጎን ቀድሞ ከሄደ ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ጥርስ ዘሏል፤ አያስገድዱት፣ ማዞሪያውን ፈትተው ሁለቱንም ጎን እኩል ካመጡ በኋላ መልሰው ይሰሩት።