ጥያቄና መልስ፦ ዲሽና የስልክ ኔትወርክ በጎንደር

ሰፈራችሁን፣ የዲሹን ስፋትና ሪሲቨሩ የሚያሳየውን ኳሊቲ (የምልክቱን ጥራት) ጽፋችሁ ጠይቁ። ኬብል ከመፍታታችሁ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ በ60 ሳንቲ ዲሽ ኢትዮሳት ይቆራረጥብኛል። ተራራው ይሆን የሚጋርደኝ?

መልስ፦ ተራራውን ተወው። ሳተላይቱ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ከጎንደር ሲታይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮምፓስ ላይ 122 አካባቢ፣ ከአድማስ 63 ዲግሪ ከፍ ብሎ። ይህን የሚጋርድ ተራራ ከተማችን ውስጥ የለም። የሚጋርደው የጎረቤት ባህር ዛፍ ነው፤ ከዲሹ በ12 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ በዚያ አቅጣጫ ከ6 ሜትር ባነሰ ርቀት ከቆመ ይቆርጥሃል።

ዛፍ ከሌለ ኤልኤንቢውን፣ ማለትም ከዲሹ ፊት ለፊት ክንዱ ጫፍ ላይ የታሰረውን ምልክት ተቀባይ፣ እይ። ብዙ ሰው ቀጥ አድርጎ ያስረዋል። ከዲሹ ጀርባ ቆመህ ወደ ሳተላይቱ ስትመለከት ከሰዓት ተቃራኒ 55 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። ሪሲቨሩ ላይ የኢትዮሳትን ፍሪኩዌንሲ 11105 ሆሪዞንታል 45000 ከፍተህ የኤልኤንቢውን ብሎን አላላ፣ በትንሽ በትንሹ አዙር፣ ኳሊቲው ከፍ ያለበት ላይ አጥብቅ።

ክረምት ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የዝናቡ ነው፤ ይህ ሞገድ በዶፍ ይዳከማል። 90 ሳንቲ ዲሽ ከ60ው 2.25 እጥፍ ይሰበስባል። ዝናቡ አባርቶም ካልተመለሰ ኮኔክተሩ ውኃ ጠጥቷል። ሪሲቨሩን ንቀል፣ የኬብሉን ጫፍ ቁረጥ፣ አዲስ ኤፍ ኮኔክተር (የዲሽ ኬብል ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘውን) ግጠም፣ በናስትሮ ጠቅልል።

ከአዘዞ፦ እዚያው ዲሽ ላይ ናይልሳት ልጨምር?

መልስ፦ አይሆንም። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፤ ሁለተኛ ዲሽና ዳይሴክ ስዊች (ሁለቱን ዲሾች ከአንድ ሪሲቨር ጋር የሚያገናኝ) ግዛ። እሱ ከአድማስ 37 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ለማራኪው ያልኩት ዓይነት ዛፍ በእሱ አቅጣጫ ከቆመ እስከ 16 ሜትር ርቀት ድረስ ይጋርደዋል።

ከአራዳ፦ ዲሼ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? ስፋቱስ? ኳሊቲውስ?

ከቁስቋም ሥር፦ ጋሼ፣ ስልኬ ደጅ ላይ ይሠራል፣ ቤት ስገባ ይጠፋል።

መልስ፦ ተራራ የሚወቀሰው እዚህ ላይ ነው እህቴ። የታወር ሞገድ የሚመጣው ከጎን ስለሆነ ከኮረብታ ጀርባ ያለ ቤት ጥላ ውስጥ ይወድቃል። 900 ሜጋኸርዝ የሚባለው የታወር ሞገድ የኮረብታውን አናት ታጥፎ ትንሽ ይወርዳል፤ 1800 እና 2100 ግን በደንብ አይታጠፉም። በዚያ ላይ የድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ አለ። አንድሮይድ ከሆነ *#*#4636#*#* ደውለሽ ዲቢኤሙን (የኔትወርኩን ጉልበት የሚለካውን ቁጥር) እያየሽ በየክፍሉ ዙሪ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል፤ በ4ጂ ከኔጌቲቭ 95 የተሻለ ጥሩ ነው፤ ከኔጌቲቭ 115 የባሰ ብዙ ጊዜ አያስደውልም። የተሻለው መስኮት ጋ ስልኩን አስቀምጪና ሆትስፖት ክፈቺ፤ ኢንተርኔቱን በሌላ ስልክ ትጠቀሚያለሽ።

ከፒያሳ፦ ቡስተር (ኔትወርክ ማጉያ) ትግጠምና ትገላገል!

ከአዘዞ፦ ጎረቤቴ ቡስተር ከገጠመ ወዲህ የእኛ ነው የጠፋው።

ከፒያሳ፦ ምቀኝነት ነው እንጂ!

ከአዘዞ፦ የምን ምቀኝነት? ሲያጠፋው ይመለሳል እኮ።

መልስ፦ በቃ! አዘዞ ትክክል ነው። የውጪውና የውስጡ አንቴና ከተቀራረቡ ቡስተሩ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ እንደሚጮህ ማይክራፎን ይሆናል፤ ታወሩንም ይረብሻል። አትግዙ።

ከጎርጎራ፦ ጣና ዳር ኔትወርኩ ሙሉ ያሳያል፣ ጥሪ ግን አይወጣም።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው! ውኃው ላይ የሚጋርድ ስለሌለ ስልክህ በጣም ሩቅ ያለ ታወር ይሰማል። ታወሩ ግን አንተን አይሰማህም፤ ስልክህ በ2ጂ ቢበዛ 2 ዋት ነው የሚልከው። በተለመደው 2ጂ ደግሞ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆንክ ምልክትህ ዘግይቶ ስለሚደርስ ታወሩ አይቀበለውም። ሌላም አለ፤ ከውኃው ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ቀጥታ ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ ይጠፋፋሉ። ለዚህ ጥቂት እርምጃ መራቅ ወይም ከፍ ያለ ቦታ መቆም ይበቃል። ለሩቁ ታወር ግን ቤቱ ከሐይቁ እንዲጋርድህ በጓሮ በኩል ሁን፣ ስልኩን አጥፍተህ አብራ፤ የቅርቡን ይይዛል።

ከማራኪ፦ ለኔትወርክ የቱ ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ ሱቅ ጠይቅ።

ከአራዳ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ 90 ሳንቲ ነው። ኢንቴንሲቲ 80፣ ኳሊቲ 0።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ኢንቴንሲቲው (የምልክቱ ጉልበት) 80 ካሳየ ኤልኤንቢው መብራት እያገኘ ነው፣ ዲሹ ግን ሳተላይቱን ስቷል። ከፍታውን ሳትነካ ከደቡብ ወደ ምሥራቅ በጣት ስፋት እያንቀሳቀስክ፣ በየቦታው 5 ሰከንድ ጠብቅ። ካልመጣ ከፍታውን ጥቂት ቀይርና እንደገና ጀምር። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ግን ነገ።