ዓይኔ ዳነ ብዬ ጠብታውን ሳቆም ተመለሰብኝ

ጥያቄ፦ ግራ ዓይኔ ቀልቶ በጣም ያመኝ ነበር፤ ብርሃንም መቋቋም አቃተኝ። ሐኪሙ «ዩቪያይትስ ነው» ብሎ ሁለት ጠብታ አዘዘልኝ፤ አንዱን በየሰዓቱ፣ ሌላውን በቀን ሦስት ጊዜ። በ5ኛው ቀን ቅላቱ ሲጠፋ ሁለቱንም ተውኳቸው። ከ10 ቀን በኋላ ብሶ ተመለሰ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ከምንስ ይመጣል?

መልስ፦ መድኃኒቱስ እየሠራ ነበር፤ የተቋረጠው ሳይጨርስ ነው። ዩቪያ የሚባለው ከዓይን ነጭ ክፍል ሥር ያለው፣ በደም ሥሮች የተሞላው ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ሲቆጣ ዩቪያይትስ ይባላል፤ ነጭ የደም ሴሎችና ፕሮቲን በብሌኑ ፊት ወዳለው ፈሳሽ ይገባሉ። ሐኪሙ ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን ማጉያ መሣሪያ ሲያይ ሴሎቹ በብርሃን ጨረር ውስጥ እንደሚንሳፈፍ አቧራ ይታዩታል። ቅላቱና ሕመሙ ቀድመው ይጠፋሉ፤ ሴሎቹ ግን ይቆያሉ። በዚያ መሐል በየሰዓቱ የሚደረገው ብግነት ቀናሽ ጠብታ፣ ስቴሮይዱ፣ በድንገት ሲቆም ብግነቱ ያገረሻል። ስለዚህ መጠኑ የሚቀነሰው ዓይኑ በመሣሪያ እየታየ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀን ከ6 ወደ 4፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ጠብታ እየተቀነሰ በጠቅላላው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል።

በየሰዓቱ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን አሲቴት 1 በመቶ ነው። መድኃኒቱ ከጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጥ በደንብ ሳይነቀነቅ ከተደረገ ዓይን ውስጥ የሚገባው ውኃው ብቻ ይሆናል። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ1 ደቂቃ ጫን ያድርጉ። ሌላውን የጠብታ መድኃኒት ከ5 ደቂቃ በኋላ ያድርጉ።

ሁለተኛው ብሌን የሚያሰፋ ነው፤ ሳይክሎፔንቶሌት ወይም አትሮፒን ሊሆን ይችላል። የቅርቡን ስለሚያደበዝዝ ሰው ይሰለቸዋል። ነገር ግን በዓይን ውስጥ ያለውን የጡንቻ ሕመም ያስታግሳል፤ ከሁሉ በላይ አይሪሱ (ባለቀለሙ የዓይን ክፍል) ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል። ዙሪያውን ከተጣበቀ ፈሳሹ መውጫ ያጣና የዓይን ግፊት ይጨምራል።

አሁን የተረፈውን ጠብታ በራስዎ አይጀምሩ፤ ዛሬ ወይም ነገ ይታዩ። ቅላቱ ኸርፐስ በተባለው ቫይረስ የመጣ ቁስል ከሆነ ስቴሮይድ ብቻውን ያባብሰዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ደግሞ የዓይን ግፊት መለካት አለበት፤ ግላኮማ (የዓይን ነርቭ ጉዳት) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላልና።

መንስኤው ብዙ ነው፦ ኸርፐስ፣ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ፣ ቲቢ፣ ቂጥኝ፣ ዓይን ላይ የደረሰ ምት፣ ወይም የሰውነት መከላከያ የገዛ ሕዋሱን ሲያጠቃ። ብዙ ሰው ላይ ተመርምሮም አይገኝም። ጠዋት ጠዋት ወገብ መያዝ፣ ተደጋጋሚ የአፍ ቁስል ወይም የቆየ ሳል ካለብዎ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ስቴሮይድ በእንክብል ከመታዘዙ በፊት ቲቢና ቂጥኝ መመርመር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ብግነቱ በዓይን ውስጥ በኋለኛው ክፍል ከሆነ ሕመም ላይኖር ይችላል፤ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጠብጣብና ብዥታ ይታያል። እዚያ ጠብታ በበቂ ስለማይደርስ ሕክምናው በእንክብል ወይም በመርፌ ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ የመገጣጠሚያ ብግነት አለባት። ዓይኗን ፈጽሞ አያማትም፤ በየ3 ወሩ ለምን ትታያለች?

መልስ፦ በእንደዚህ ያሉ ልጆች ዩቪያይትስ ሳይቀላና ሳያም ስለሚመጣ ነው። ቤተሰብ ሲያስተውል የዓይን ሞራ ወይም የተጣበቀ ብሌን ላይ ተደርሶ ሊሆን ይችላል። በተለይ የታመሙት መገጣጠሚያዎች ጥቂት ከሆኑና በደም ምርመራ ኤኤንኤ (የራስን ሕዋስ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል) ከተገኘባት አንድም ቀጠሮ አይለፋት።