ትንፋሽ ስለ ሳንባ ምን ይናገራል? ከድሬዳዋና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የድሬ ልጅ «እርስዎ» ሲሉት ይከፋዋል፤ ስለዚህ «አንተ»ና «አንቺ» እያልኩ እመልሳለሁ።

ከሳቢያን፦ ቱቦ ውስጥ እፍ ብዬ ካንሰር እንዳለብኝ ማወቅ እችላለሁ?

ዛሬ አትችልም። ሐሳቡ ግን መሠረት አለው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ በ1971 እ.ኤ.አ. በሰው ትንፋሽ ውስጥ 250 ያህል ውህዶች እንዳሉ አሳይቷል። የካንሰር ዕጢ የሰውነትን ኬሚስትሪ ስለሚለውጥ የእነዚህ መጠን ይዛባል። ችግሩ መጠናቸው ከቢሊዮን ጥቂት ክፍል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች መሆኑ ነው። የካንሰር ብቻ የሆነ አንድም ውህድ አልተገኘም። የሚፈለገው የብዙዎቹ ድምር መልክ ነው፤ አንዱ ላቦራቶሪ ያየውን መልክ ሌላው ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ገንዘብ ከፍለህ «በትንፋሽ ካንሰር እናያለን» የሚል ቦታ ብትገባ ኪስህን ነው የሚያዩት።

ከቀፊራ፦ እሺ፣ አሁን የሚሠራ የትንፋሽ ምርመራ የለም ማለት ነው?

አለ፤ ለአስም የናይትሪክ ኦክሳይድ (የአየር ቧንቧ ሲቆጣ የሚበዛ ጋዝ) ልኬት። ከምርመራው 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ምግብ፣ መጠጥና ሲጋራ የለም። ስፓይሮሜትሪም (በኃይል እያስነፋ የሳንባን አቅም የሚለካው ምርመራ) ከታዘዘልህ ይሄኛው ይቅደም። ሳንባህን ባዶ አድርግ፣ በመሣሪያው ማጣሪያ በኩል እስክትሞላ ሳብ፣ ከዚያ ለ10 ሰከንድ ሳትቸኩል እኩል ንፋ፤ በሰከንድ 50 ሚሊሊትር። ጋዙ የሚወጣው ከአየር ቧንቧው ግድግዳ ስለሆነ በኃይል ከነፋህ ይቀጥንና ውጤቱ ይወርዳል፤ ካዘገምክ ይወጣል። ለአዋቂ ከ25 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 25 ክፍል) በታች ዝቅተኛ፣ ከ50 በላይ ከፍተኛ ነው፤ ለልጆች 20 እና 35። ከፍ ያለ ቁጥር፣ በአፍ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒት ይጠቅምሃል የሚል ፍንጭ ነው። ሰላጣና ቀይ ሥር ቁጥሩን ያስወጡታል፣ ሲጋራ ያወርደዋል።

ከጁገል፦ ሲጋራ ነክቼ አላውቅም፤ መለኪያው ግን አጫሽ አደረገኝ።

የነፋህበት የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ነው። ትንፋሽ 15 ሰከንድ ይዘህ ቀስ ብለህ ትነፋለህ፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 ክፍል) በላይ «አጫሽ» ይባላል። መሣሪያው ግን የሲጋራን ጭስ ከከሰል አይለይም። በዝግ ክፍል ጫት ላይ ተቀምጠህ አጠገብህ ሺሻ ቢጨስ፣ ወይም ጀበናው ከሰል ላይ ሲንተከተክ መስኮቱ ቢዘጋ ቁጥሩ ይወጣል። በእረፍት ላይ ደምህ ውስጥ ያለው የዚህ ጋዝ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት፣ ምድጃ ሳይነድ፣ ድገመው።

ከሐረማያ ተማሪ፦ ከድሬ የትንፋሽ ናሙና በቴድላር (ጋዝ የሚያዝበት ፕላስቲክ) ከረጢት ልናመጣ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

ብዙ ነገር። ከረጢቱ ራሱ ፌኖል ይለቃል፤ በንጹሕ ናይትሮጅን ሦስት ጊዜ እጠቡት። የትንፋሹን መጀመሪያ፣ ወደ 150 ሚሊሊትር፣ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ያ ከአፍና ከጉሮሮ የቀረ አየር ነው፣ ከሳንባ ጥልቅ አይደለም። ከረጢቱን እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ ሙሉ፦ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረማያ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር፤ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ወደ 10 በመቶ ያብጣል፣ ጢም ያለ ከረጢት ቫልቩ ላይ ያፈተልካል። ፀሐይ የሚመታው የመኪና መስኮት ሥር አታስቀምጡ፤ በረዶ ላይም አይሁን፣ እርጥበቱ ጠል ሆኖ ግድግዳው ላይ ሲይዝ አሴቶንን የመሰሉትን ይዞ ይቀራል። በዚያው ቀን፣ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ቴናክስ ቱቦ (ውህዶቹን ይዞ የሚያቆይ ዱቄት ያለበት ቱቦ) አዛውሩት። ደግሞ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ከረጢት የክፍል አየር ውሰዱ። እጣን የጨሰበት ቤት ቤንዜንና ቶሉይን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉት፤ የክፍሉን አየር ለብቻው ካልለካችሁ የሳሎኑን አየር «የበሽታ ምልክት» ትሉታላችሁ።

ከመጋላ፦ መጥፎ የአፍ ጠረን የሳንባ ካንሰር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ከምላስ ጀርባና ከድድ ነው። ጥርስ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከገንደቆሬ፦ እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ በእንጨት አብስላለች፤ ሳሏ 3 ሳምንት አለፈው።

ለእሷ የትንፋሽ ምርመራ አትፈልግ። ሳል 2 ሳምንት ካለፈ መጀመሪያ ቲቢ ይታያል። ጠዋት አፏን በውኃ ተጉመጥምጣ ከደረቷ ጥልቅ አክታ ታውጣ፤ ምራቅ ከሆነ ምርመራው ቲቢውን ሊስተው ይችላል። የጂን ኤክስፐርት ማሽኑ (አክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያን ዘረመል የሚፈልገው) 2 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ደም ካለበት ዛሬውኑ ውሰዳት። ቲቢ ካልሆነና የደረት ራጅም ንጹሕ ከሆነ የጭሱ ጉዳት በስፓይሮሜትሪ ይታያል፦ 400 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት)፣ 15 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከዚያ በሙሉ ኃይል መንፋት። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው ከ0.70 በታች ከሆነ ቧንቧዋ ጠቧል። ባለሙያው «ንፊ! ንፊ! ንፊ!» እያለ ካልጮኸላት ደክሟት ቶሎ ታቆማለች፤ ያኔ ጠቅላላው ስለሚያንስ ቁጥሩ ጤነኛ ያስመስላታል።