የሐምሌ ግንድ

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለው ሱባ ደን ውስጥ አንዲት ሃይኪንግ የምታስወጣ ልጅ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ ሰው የሚዝናናበት ደን ውስጥ ዛፍ መቁረጥ ነውር አይደለም?» አለችኝ። «አይደለም» አልኳት ፈጠን ብዬ። ማታ ግን አንድ የድሮ ጥፋቴ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በዲፕሎማ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የተመደብኩት ሰው የተከለው የፈረንጅ ጥድ ደን ውስጥ ነው። መሐሉን አንድ የእግር መንገድ ያቋርጠዋል። እሑድ እሑድ ከከተማ ለሽርሽር የመጣ ሰው ይሄድበታል። በሌላው ቀን ሴቶች እንስራ አዝለው ወደ ምንጩ ይወርዱበታል።

ደኑ መሳሳት ነበረበት፤ ከዛፎቹ የተወሰኑት ተቆርጠው ሌሎቹ ቦታ እንዲያገኙ ማለቴ ነው። በ2.5 ሜትር ርቀት ሲተከል በሄክታር 1,600 ችግኝ ይገባል። ካልቀነሱለት ሁሉም ለብርሃን እየተሻማ ይቀጥናል፤ ንፋስም ያጋድመዋል። መቁረጡ ልክ ነበር። ያጠፋነው የወሩ ምርጫ ላይ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያው ግንድ አንሶታል ተብሎ በሐምሌ ጎትቱ ተባልን። ጭቃ ላይ ግንድ በትራክተር እንደማይጎተት ተምሬያለሁ። ደሞዜን አሰብኩና ዝም አልኩ። ትራክተሩም የቀለለውን መስመር ያዘ፤ ያንኑ የእግር መንገድ።

አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ነበሩ። ሁልጊዜ በሶ ይበጠብጡልኝ ነበር፤ እንደሳቸው በሶ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላየሁም። የጎማውን ቦይ አይተው «ልጄ፣ ለጎርፉ መንገድ ጠረግክለት» አሉኝ። መስከረም ሲጠባ ቦዩ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። ምንጩም ደፈረሰ። ሴቶቹ ዞረው ሩቅ መቅዳት ጀመሩ። በመንገድ ሳገኛቸው ሰላም አይሉኝም። በዚያ አገር ሰላም መንሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ችግኝ ትከሉ አልላችሁም፤ እሱን ሁሉም ይነግራችኋል። እናንተ ደግሞ ተክላችሁ ፎቶ ትነሡና ውሃ ማጠጣቱን ትረሳላችሁ። ግንድ በበጋ ይጎተት፤ ከምንጭና ከእግር መንገድ ይራቅ። ቆረጣ ያለበት መንገድ ይዘጋ፤ ለምን እንደተዘጋም መግቢያው ላይ ይጻፍ። ሰው የሚቆጣው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ለልጅቷ «አይደለም» ያልኳት ስለ ተከላ ደን ነው። የሱባው የሐበሻ ጥድ ሌላ ነው። ዘሩ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን መጣ ይባላል። እሱን መጥረቢያ ባይነካው እወዳለሁ። የቤቴ በር የሐበሻ ጥድ መሆኑን ግን አልደብቃችሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ትመጣለች። መልሴን አስተካክዬ እነግራታለሁ። እሷም ያንን ስፒከሯን መኪና ውስጥ ትተወው፤ ጉሬዛዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ሽቅብ ነው የሚጠፉት።