ከአንባቢዎቻችን፦ ሃይማኖት ተገኘች ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምኖረው እስራኤል፣ ነታንያ ነው። እዚሁ አገር ጽፋት ከተማ ላይ ስለጠፋችው የማኅበረሰባችን ልጅ ስለ ሃይማኖት ቲክቶክ ላይ በየጊዜው አዲስ ነገር ይወጣል፣ አንዱ ተገኘች ይላል፣ አንዱ ከአገር አስወጥተዋታል ይላል፣ ባለፈው ደሞ ቤተሰቡን የሚጠረጥር ቪዲዮ ልከውልኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ። እውነቱ ምንድነው?

መልስ፦ እማማ፣ አልተገኘችም። ይሄን እስከምጽፍ ድረስ የት እንዳለች አይታወቅም፣ ተገኘች የሚለው ሁሉ ውሸት ነው። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ትንሽ ነው፦ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2024፣ እሁድ፣ የ9 ዓመቷ ሃይማኖት ከቤተሰቧ ጋር ከምትኖርበት የጽፋት መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) አካባቢ ጠፋች። የከተማው ምርጫ ሊደረግ ሁለት ቀን ነበር የቀረው እና የምርጫ በራሪ ወረቀት ይዛ ነበር፣ ካሜራ ላይም ታይታለች፣ ከዛ በኋላ ግን የለም። ጊዜው ደሞ የጦርነት ጊዜ ነው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሮኬት ጽፋት ላይ ወድቆ ሰው ሞቷል፣ ሰዉም ፖሊሱም ሃሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ፈቃደኞች በየጫካው በየገደሉ ፈልገዋል፣ ምንም አልተገኘም።

እስራኤል ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰባችን አደባባይ ወጥቶ የጮኸው በባዶ ሜዳ አይደለም። «ልጅቷ የኛ ባትሆን ኖሮ አገር ይገለበጥ ነበር» ነው የተባለው፣ እኔም ይሄን ቁጣ ልክ ነው እላለሁ። በ2019 ወጣቱ ሰለሞን ተካ ኪርያት ሃይም ውስጥ ከሥራ ውጪ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ከሞተ ወዲህ ሚሽታራ (የእስራኤል ፖሊስ) ላይ የነበረችውም እምነት ተሸርሽራለች፣ ሰው ደሞ የማያምነው ጋ ያየውን ሄዶ አይናገርም፣ ልጅ ጠፍታ ምስክር ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ቤተሰብን የመጠርጠሩ ነገር ግን በጣም ነው የሚያናድደኝ። አዎ ፖሊስ መጀመሪያ ቤተሰብን ይጠይቃል፣ በየትኛውም አገር የምርመራ ወግ ነው፣ ማጣራት የፖሊስ ሥራ ነው፣ የቲክቶክ ሥራ አይደለም። እስቲ አንድ ነገር ልንገርዎት። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በ1991 አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትሄድ እንጀራ አባቷ ዓይኑ እያየ በመኪና ተወሰደች። እንጀራ አባቷ በሳይክል ሳይቀር ተከታትሏቸው ነበር፣ ግን ዓመታት ሙሉ ሲጠረጠር ኖረ፣ ትዳሩም ፈረሰ። በ2009፣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ ልጅቷ በሕይወት ተገኘች፣ የወሰዳት ከዚህ በፊት በወሲብ ወንጀል ታስሮ በአመክሮ የተፈታ ሰው ሆኖ ተገኘ፣ ተቆጣጣሪዎቹ እቤቱ ድረስ እየመጡ ይሄዱ ነበር፣ እሷ እዛው ጓሮ ውስጥ እያለች! ያን ሁሉ ዓመት አንድ ንጹህ ሰው ላይ ጣት ሲቀሰር እውነተኛው ወንጀለኛ በሰላም ተቀምጧል። የሃይማኖት እናትና አባት ልጃቸው ጠፍታባቸው እንደገና በዚህ ወሬ መወጋት የለባቸውም፣ እማማ ቪዲዮውን ለማንም አይላኩት። ያዩት ወይ የሰሙት ተጨባጭ ነገር ካለ ለፖሊስ በ100 ይደውሉ፣ ዕብራይስጡ ከከበደዎት ልጆችዎ አጠገብዎ ሆነው ይደውሉልዎ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ የ14 ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው አምሽታ ስልኳም ተዘግቶ ስንጨነቅ ጓደኞቼ «ፖሊስ 24 ሰዓት ካልሞላ አይቀበልም» አሉኝና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። እግዚአብሔር ይመስገን መጣች፣ ግን እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈጽሞ እውነት አይደለም፣ እንኳንም በሰላም መጣችልህ። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ፖሊስ የጠፋ ልጅ ሪፖርት ለመቀበል «ጠብቁ» እንዳይል በሕግ ተከልክሏል፣ እንደውም ሪፖርቱ በ2 ሰዓት ውስጥ የኤፍቢአይ ዳታቤዝ ውስጥ መግባት አለበት። ይሄ የ24 ሰዓት ወሬ ከፊልም ይምጣ ከየት አላውቅም ግን በኛ ሰው መሃል ሥር ሰዷል፣ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም በሰው የተወሰደ ልጅ ከሆነ እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላት። 911 ደውል፣ «አማርኛ አስተርጓሚ» በል፣ ያቀርቡልሃል፣ ግን አስተርጓሚው እስኪመጣ ብለህ አትጠብቅ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የለበሰችውን፣ መጨረሻ የታየችበትን ቦታ ተናገር። የኬዙን ቁጥር ጽፈህ ያዝ። ከዛ 1-800-843-5678 ደውል፣ የጠፉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ነው፣ ከ1984 ጀምሮ ያለ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ካሜራ ነው። የሱቅ፣ የጎረቤት፣ የሕንጻ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከቀናት ወይ ከሳምንታት በኋላ የቀዳውን ራሱ እየደመሰሰ በላዩ ይቀዳል። ፖሊስ እስኪጠይቅ አትጠብቅ፣ በዛው ቀን ሄደህ «እባካችሁ አታጥፉት» በል። መኝታ ክፍሏንም አታጽዱ፣ ማበጠሪያዋን፣ የጥርስ ብሩሿን፣ ያልታጠበ ልብሷን እንዳለ ተዉት፣ ለዲኤንኤም ለፖሊስ ውሻም ያስፈልጋል። እናቶቻችን ሰው ይመጣል ብለው ቤት ማጽዳት ይወዳሉ፣ እዚህ ላይ ግን እጃቸውን ያዙ። አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ደሞ 116000 ይዛችሁ አስቀምጡ፣ በአብዛኛው አገር የሚሠራ የጠፉ ልጆች መስመር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቴሌግራም ላይ «ይቺ ልጅ ጠፋች ሼር አድርጉ» የሚል ባየሁ ቁጥር ሼር አደርጋለሁ፣ ጓደኛዬ ግን ጉዳት አለው ትለኛለች። እንዴት ጉዳት ይኖረዋል?

መልስ፦ እህቴ ጓደኛሽ ልክ ናት፣ ልብሽም ልክ ነው። መጀመሪያ ቀኑን እዪ፣ የዓመታት የሆነ ፖስት እየዞረ ልጁ ቤቱ ገብቶ አድጓል። ሁለተኛ፣ እና ይሄ ነው ከባዱ፣ አንዳንዴ «ጠፋችብኝ» የሚለው ሰው እናትና ልጅ ከድብደባው የሸሹት ሰው ራሱ ነው፣ አንቺ በቅንነት ሼር አድርገሽ የተደበቁበትን ታሳይዋለሽ። ስለዚህ የፖሊስ ጣቢያ ስም ያለበትን ብቻ አጋሪ፣ ካጠራጠረሽ ጣቢያው ደውለሽ አረጋግጪ። ልጁን አየሁት ብለሽ ከሆነም ኮሜንት ላይ ቦታውን እንዳትጽፊ፣ ለፖሊስ ብቻ። ልጁ ሲገኝ ደሞ ፖስቱን አጥፊው፣ ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ፎቶው «የጠፋ» ተብሎ ሊከተለው አይገባም።