ስራ ሞልቶኛል ግን ምንም አይተርፈኝም ላልከው ኤሌክትሪሺያን

ሰላም ወንድሜ፣ የጻፍከውን በደንብ አነበብኩት። ተቀጥረህ ኤሌክትሪክ ስትዘረጋ ቆይተህ የራስህን ስራ ጀመርክ፣ ደንበኛ አላጣህም፣ ቀኑን ሙሉ ስትሯሯጥ ትውላለህ፣ ግን ወሩ ሲያልቅ እጅህ ላይ የሚቀረው ተቀጥረህ ታገኘው ከነበረው ያንሳል፣ አሁን ደግሞ የድሮ አለቃህ ተመለስ እያለህ ነው፣ እና ልመለስ ወይስ ልቀጥል ነው ጥያቄህ። ከዛ በፊት ግን ዋጋ እንዴት እንደምታወጣ የጻፍካት ነገር ላይ ልቁም፦ "ማቴሪያሉን እደምርና የእጅ ዋጋዬን ጨምሬ 10 ፐርሰንት አተርፍበታለሁ" ብለሃል። ችግሩ እዚች ጋ ነው፣ ሙያህ ላይ አይደለም፣ ደንበኞችህም ላይ አይደለም።

ማቴሪያልና የእጅ ዋጋ ለዛ ለአንዱ ስራ ብቻ የሚወጣ ነው። ስራ ኖረም አልኖረም የሚወጣው ደግሞ አለ፣ ኦቨርሄድ የሚባለው፦ ስልክና ኢንተርኔት፣ የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስና ሰርቪስ፣ ፈቃድ ማሳደሻ፣ ሂሳብ የሚሰራልህ ሰው፣ የስራ ልብስ ምናምን። ብዙ ሰው ሚረሳው የመሳሪያ እርጅናን ነው። ድሪልህን እንውሰድ፣ 3 ዓመት ያገለግለኛል ካልክ የገዛህበትን ለ36 አካፍለህ በየወሩ ወጪ ብለህ መያዝ አለብህ፣ አለበለዚያ የተቃጠለ ቀን አዲሱን የምትገዛው ሌላ ደንበኛ ለኬብል መግዣ ብሎ በሰጠህ ቀብድ ነው፣ ከዛ የሱን ኬብል በምን ልትገዛ ነው? ይሄን ሁሉ ደግሞ በግምት አትጻፈው። የባንክ ስቴትመንትህንና ደረሰኞችህን አውጥተህ አንድ በአንድ ልቀማቸው፣ በዓመት አንዴ የሚከፈሉትን ለ12 አካፍላቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ያ ኦቨርሄድ የሚሸፈነው ደንበኛ በሚከፍልህ ሰዓት ብቻ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሰራ በ4 ሳምንት 160 ይሆናል፣ ግን ከዛ ውስጥ ሳይት አይተህ ለመለካት የሄድክበት፣ ብሬከር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የዞርክበት፣ መንገድ ላይ ያለቀው፣ ያልተከፈለህን ሂሳብ ለማስታወስ ስትደውል የዋልክበት፣ ዋጋ አቅርበህ ሳይሳካ የቀረው፣ የሰራኸው ነገር ተበላሸ ተብለህ በነፃ ለማስተካከል የተመለስክበት ሁሉ አለ፣ ለዚህ ማንም አይከፍልህም። እንበልና 120 ቀረህ። (ቁጥሮቹ ለማስላት ብቻ ናቸው፣ የራስህን አስገባበት።) የወሩ ኦቨርሄድ 12,000 ቢሆን ለ160 ስታካፍለው በሰዓት 75 ይመጣል፣ ለ120 ስታካፍለው ግን 100 ነው። በ75 ሂሳብ የሰራ ሰው በየሰዓቱ 25 እየጎደለው ስለሚሰራ በወር 3,000 ከኪሱ ይሄዳል ማለት ነው። አንተ ደግሞ 75ቱንም አላስገባህም።

እስቲ በአንድ ስራ እንየው። 20 ሰዓት የሚፈጅ፣ ማቴሪያሉ 4,000 የሆነ ስራ መጣ፣ የእጅ ዋጋህ በሰዓት 150 ነው። በአንተ አሰራር 3,000 የእጅ፣ 4,000 ማቴሪያል፣ 10 ፐርሰንት ሲጨመር 7,700 ትላለህ። እውነተኛው ወጪ ግን በሰዓት 250 (150 የእጅ እና 100 ኦቨርሄድ) ስለሆነ 5,000 እና 4,000፣ ጠቅላላ 9,000 ነው። አተረፍኩ ያልክበት ስራ 1,300 አክስሮሃል፣ የከሰረው ደግሞ ከእጅ ዋጋህ ላይ ነው የተነሳው፣ ለዛ ነው ስራው እየበዛ ገንዘቡ የማይታይህ።

ትርፍ የሚመጣው ከ9,000 በኋላ ነው። የእጅ ዋጋህ ደሞዝህ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም፣ ትርፍ ስራ ሲቀዘቅዝ የሚያቆይህና ረዳት ለመቅጠር አቅም የሚሰጥህ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው ነገር አለ፣ ከዋጋው 20 ፐርሰንት ትርፍ እንዲሆን ፈልጎ ወጪው ላይ 20 ፐርሰንት ይጨምራል። 9,000 ላይ 20 ፐርሰንት ብትጨምር 10,800 ነው፣ ከዛ ውስጥ 1,800ው ወደ 16.7 ፐርሰንት ነው እንጂ 20 አይሞላም። ትክክለኛው 9,000ን ለ0.80 ማካፈል ነው፣ 11,250 ይመጣል፣ ትርፉ 2,250።

ቅናሽ ስትጠየቅም ይሄን ቁጥር አስብ። ከ11,250 ላይ 10 ፐርሰንት ብቻ ብትቀንስ 1,125 ሄደ፣ የትርፍህ ግማሽ ማለት ነው፣ ያንኑ ትርፍ ለማግኘት ስራውን እጥፍ መስራት ሊኖርብህ ነው። ደንበኛው እውነት አቅሙ ካልፈቀደ ዋጋውን ሳይሆን ስራውን ቀንስለት፣ የሶኬት ብዛት ይቀነስ፣ የአንዱ ክፍል መብራት በኋላ ይሰራ። የኬብል ውፍረትና ኧርዝ (ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ግን በፍጹም አትነካም፣ እሱ የሰው ህይወት ነው።

ደንበኞች "ሌላው ባነሰ ዋጋ ይሰራዋል" ይሉኛል ላልከው፣ ሊሰራው ይችላል፣ ወጪው ካንተ ያነሰ ሊሆን ይችላል ወይ ደግሞ እሱም እንዳንተ ሳያሰላ እየከሰረ ነው። ከውጭ ሆነህ የትኛው እንደሆነ ስለማታውቅ የሱን ዋጋ መነሻ አታድርግ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አለቃህን ትንሽ ጊዜ ስጠኝ በለው። እስከዛ የሚመጡትን ስራዎች ሁሉ በአዲሱ ሂሳብ ዋጋ አቅርብ፣ በየቀኑ የተከፈለህንና ያልተከፈለህን ሰዓት ስልክህ ላይ መዝግብ። ከሚመጡት ውስጥ የተወሰኑት ቢሸሹ አትደንግጥ፣ ድሮ 10 ስራ ይዘህ ከምትከስር 6 ይዘህ ብታተርፍ ይሻላል፣ እኔ ብሆን እንደዛ ከሆነልህ እቀጥላለሁ። ማንም በዛ ዋጋ የማይቀበልህ ከሆነ ግን ቅጥሩን ተቀበል፣ ስትደራደር ደግሞ ደሞዝ ብቻ አትጠይቅ፣ ሳይት ለክቶ ዋጋ የማውጣቱን ስራ እንዲያስነካህ ጠይቀው።