ስለ ሂቢስከስና ከርከዴ ጠይቁ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ሂቢስከስ ዝርያዎች፣ ማለትም ስለ ጓሮው የአበባ ቁጥቋጦና ስለ ዘመዱ ከርከዴ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ጥያቄው ጎርፏል። ደጋግሞ የመጣውን መርጬ ልመልስ።

ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ደጄ ላይ ያለው ቀይ ሂቢስከስ እምቡጥ ያበዛል፤ ሳይፈነዳ ግን ይረግፋል። ምን አጎደልኩበት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጠጣጥሽን እይው። ሂቢስከስ ድርቀትና ውሃ ሲፈራረቁበት ቀድሞ የሚጥለው እምቡጡን ነው። ሳምንት ሙሉ ረስተሽው ከዚያ በባልዲ ብትደፊበት አይወድም። በበጋ አፈሩን በጣትሽ ጫር አድርጊው። ላዩ ደርቆ ከሥር እርጥብ ከሆነ ተይው፤ ሥሩም ደርቆ ከሆነ በደንብ አጠጪው።

ውሃው ደህና ከሆነ ተባይ ፈልጊ። እምቡጡን ገልብጠሽ ከሥሩ እይው፤ የለጋውን ቅጠል ጀርባም እይ። ተጠጋግተው የተሰበሰቡ ደቃቅ አረንጓዴ ወይም ጠቆር ያሉ ነፍሳት ካሉ ክሽክሽ ነው። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካየሽም ጠርጥሪ፤ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው የሚወጣው። ጥጥን የሚያጠቃው ክሽክሽ ሂቢስከስንም ባሚያንም አይምርም። ወደ ፀረ ተባይ መርጨት አትሩጪ፤ አበባው ላይ ንብ አለ። ብዙውን በውሃ ግፊት እጠቢው። የቀረውን በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ አመሻሽ ላይ እርጪው፤ በማግስቱ ጠዋት በንጹህ ውሃ አለቅልቂው። ከሳምንት በኋላ ድገሚው።

ደብረ ማርቆስ፦ ባሕር ዳር እንዲያ የሚያምር አበባ እኛ ጋ ለምን ይኮሰምናል?

መልስ፦ ከፍታው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እናንተ 2,400 ሜትር አካባቢ ናችሁ። የጓሮው ቀይ ሂቢስከስ የሞቃት አገር ተክል ነው። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይገታል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ውርጭ ከመታው ደግሞ ለጋው ክፍል ይሞታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ትከለው፤ ግድግዳው ሙቀቱን ለሌሊት ያቆይለታል። ወይም ባልዲ ውስጥ ትከልና ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ በረንዳ አስገባው። ለእንጅባራ ሰዎችም መልሴ ይኸው ነው። ሜዳ ላይ ተክላችሁ አትዘኑ።

ፍኖተ ሰላም፦ የጓሮዬን ቀይ አበባ አድርቄ ከርከዴ ብዬ ባፈላውስ?

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱ አንድ ወገን ቢሆኑም የተለያዩ ናቸው። የከርከዴው አበባ ራሱ ቀይ አይደለም፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ አለበት። አበባው በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ከዚያ አቅፎት የነበረው ባለ አምስት ጣት ሽፋን ይወፍራል፣ ይቀላል፣ ሥጋማ ይሆናል። በጥርስዎ ቢነክሱት ቀጭ ብሎ ይጎመዝዛል። የምንጠጣው እሱን ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው የዘር ፍሬ ወጥቶ ሽፋኑ ብቻ ይደርቃል። የጓሮዎ አበባ መርዝ አይደለም፤ በሌሎች አገሮች ይበላል፣ ሻይም ይፈላል። ያንን ጉምዛዜ ግን አይሰጥዎትም። በቅርብ ከችግኝ ጣቢያ ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ ኬሚካል ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር አዘውትረው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። መድኃኒቱን አቁሞ በከርከዴ መተካትማ ፈጽሞ አይሆንም።

ደጀን፦ ዓባይ በረሃ ውስጥ መሬት አለን። ከርከዴ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እንጂ! ከላይ ደጀን ከተማ ላይ አልመክርም፤ ታች ግን ሙቀቱ ይስማማዋል። ድልድዩ ግድም 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ ሲይዝ ሰኔ ላይ ዝሩት፤ በተክሎቹ መካከል አንድ ሜትር ያህል ተዉ። ቁም ነገሩ ጊዜው ነው። ከርከዴ የሚያብበው ቀኑ ሲያጥር ነው። ዘግይታችሁ ብትዘሩት ሳያድግ ያብባል፣ ምርቱም ያንሳል። አበባው ከረገፈ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሽፋኑ ሳይጠነክር ልቀሙት። ውሃ የሚቋጥር ማሳ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ቡሬ፦ ባሚያና ሂቢስከስ ዘመድ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ባሚያን ቀድሞ ሂቢስከስ ውስጥ ይመድቡት ነበር፤ አሁን ጎረቤት ወገን ተሰጥቶታል። ጥጥም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ የቸኮሌቱ ካካዎ ሳይቀር። የባሚያን፣ የጥጥንና የሂቢስከስን አበባ ጎን ለጎን ያዝና መሀላቸውን ተመልከት። የወንዴው ዘር ተሸካሚዎች እንደ ቱቦ ተጣብቀው የሴቴውን ዘንግ ከበውት ታያለህ። እኔ ይህን ለልጆች ማሳየት በጣም ነው የምወደው።

ባሕር ዳር፦ ከዘር ነው ወይስ ከቅርንጫፍ የሚባዛው?

መልስ፦ ከርከዴ ከዘር፣ የጓሮው ከቅርንጫፍ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ከአንጓ ሥር ቁረጥ። የታችኛውን ቅጠል አንሳ፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ጥላ ሥር ትከል።

ዳንግላ፦ መቼ ልግረዘው?

መልስ፦ አበባ የሚይዘው አዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ መገረዙ ይጠቅመዋል። ብርዱ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛውን ቁረጥ። ፍየል ካለህ ግን አዲሱ ቀንበጥ እስኪጠነክር አጥር ሥራለት፤ ለጋውን አትተውለትም።